ያቆሰለ ይይዛል

ኦጁሉ በአልጋ ላይ ሞተ ሲሉኝ ያላመንኩት መሞቱን ሳይሆን አልጋውን ነው። በእኔ እጅ ብቻ ከሠላሳ ጊዜ በላይ የተሰፋ ሰው ነበር። ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ የጆሮውን ሥር አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጉበቱ ታሞ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የነገረኝ ቾል ነው። ቾል ኦጁሉ ያሠለጥነው የነበረውን የከተማችንን የራግቢ ቡድን ዛሬ የሚያሠለጥን ነው። የደወለልኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ነበር።

"ሲስተር፣ ኮች አሁን ሞተ። አሥር ደቂቃ አይሆነውም" አለኝ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ቲማቲም ሻጯ ሰማች። "መርዶ እንዲህ ይነገራል? ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብላ ስለ እኔ ተቆጣች። ልክ ናት። እኔና እሷ ባደግንበት አገር እንዲህ አይነገርም። በቡድናችን ግን መርዶ አይቆይም። ለምን እንደማይቆይ እጽፋለሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ጎሬ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በጤና ረዳትነት ሠልጥኜ ጋምቤላ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ነበር። አሁንም እዚሁ ነኝ። ጤና ረዳት ብሆንም ሰዉ ሁሉ ሲስተር ይለኛል፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ቁስል ማጠብና መስፋት ነበር።

ኦጁሉን ያወቅኩት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው አዝሎ ወደምሠራበት ሆስፒታል ሲገባ ነው። የታዘለው ሰው ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰዒድ ነበር። ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሎ ደሙ በተሸካሚው አንገት ላይ ይወርዳል።

"ማን መታው?" አልኩ፤ መዝገብ ላይ መጻፍ ስላለብኝ።

"እኔ" አለ ተሸካሚው።

"አንተ?"

"በክርን። እንዲህ።" ክርኑን አነሳና አሳየኝ።

"እንግዲያው ውጣልኝ። ውጭ ሆነህ ፖሊስ ጠብቅ።"

"አልወጣም። እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?"

"ተዪው ሲስተር፣ ሕጉ ነው" አለ ሰዒድ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

"የምን ሕግ?"

"የራግቢ።"

"ራግቢ ምንድን ነው?"

"ይኸው" አለና በጣቱ ቅንድቡን አመለከተኝ።

በዚያ ቀን ማደንዘዣ አልቆብን ነበር። ኦጁሉ የሰዒድን ራስ በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ ያዘ፤ በደረቱ ትከሻውን ተጫነው። ሰዒድ ሲጮህ ፊቱን አላዞረም። ዓይኑ መርፌዬ ላይ ነበር። ስድስት ጊዜ ወጋሁት፤ ስድስቱንም በራሱ ቋንቋ ቆጠረ። ክሩን ስቆርጥ "ጨረስሽ? ጥሩ። ሰዒድ ተነሳ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል" አለ። ሁለቱም ሄዱ። ወለሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ኦጁሉ አኙዋ ነው። ባሮ ዳር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከዘመዶቹ ጋር ወደ ኬንያ ተሰዶ፣ ጨዋታውን እዚያ በስደተኞች ጣቢያ ተምሮ፣ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። አንገቱ ከራሱ ይሰፋ ነበር። አማርኛን ሜዳና ገበያ ላይ ስለለመደው ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው አይልም፤ ታላቅ እህቱ ልሆን የምችለውን እኔንም "አንቺ" ነበር የሚለኝ። ከሌላ ሰው ቢሆን ይከፋኝ ነበር።

አሁን ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ገርና ትሑት ያደርጉታል። አልነበረም። ቁጡ ነበር፤ እጁም ከአፉ ይቀድማል። አንድ ጊዜ ዓሣ ሻጭ ሴት የገፈተረ የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ጥርሱን አውልቆለታል። ከዚያ ሹፌሩን ተሸክሞ ወደ እኔ አመጣውና ድዱን ስሰፋለት ራሱን ያዘለት። ሹፌሩ ከቡጢው ይልቅ ይሄን ፈራ፤ "አውጡልኝ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም" ይል ነበር። ፖሊስ ኦጁሉን አሥራ አምስት ቀን አሰረው። እኔ ሰው የሚመታ ሰው አልወድም። ይህንን ለእሱም ነግሬዋለሁ።

"እኔም አልወድም" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ትመታለህ?"

"መምታቱ አይደለም ክፉው። መሄዱ ነው።"

ከዚያ ስለ ኬንያ ነገረኝ። ጣቢያው ውስጥ ልጆች ሳሉ፣ በጨዋታ መሀል አብሮ አደጉን በቡጢ መንጋጋውን ሰበረው። ደነገጠና ሮጠ። ልጁ ወድቆ ሲገኝ ማን እንደመታው፣ ለምን እንደመታው የሚናገር ሰው አልነበረም። በማግሥቱ የልጁ ዘመዶች መጡ፣ የእሱ ዘመዶች ወጡ፣ ሰዎች ሞቱ። "ቆሜ ብይዘው ኖሮ መንጋጋ ብቻ ነበር" አለኝ።

የቡድኑ ሕግ ከዚያ የመጣ ነው። ያቆሰለ ሰው የቆሰለውን ይሸከማል፤ እስኪሰፋ ድረስ ራሱን ይይዛል። ተጋጣሚ ቡድኖችም ካልተቀበሉት አይጫወትም ነበር። ልጆቹን ሜዳ ከማስገባቱ በፊት ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ያያል፣ የረዘመውን በምላጭ ይቆርጣል፣ ማጅራታቸውን በመዳፉ መታ ያደርግና "ምታ። ግን አትሂድ" ይላል። ሌላ ምክር ሲሰጥ አልሰማሁም።

"ሲስተር፣ እነሱን ወዳንቺ ከምሸከም አንቺ ብትመጪ አይቀልም?" ስላለኝ ሄድኩ። ሜዳው ባሮ ሲሞላ ውሃ ውስጥ የሚገባ አሸዋማ ቦታ ነው፤ የምንጫወተው በበጋ ብቻ ነበር። ሳጥኔንና በርጩማዬን ይዤ ከማንጎው ሥር እቀመጣለሁ። ስለ ጨዋታው ዛሬም ብዙ አላውቅም። ስምንት ስምንት ሆነው አንገት ላንገት ተቆላልፈው የሚገፋፉበትን ስክረም እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚወጣውን ጆሮና አፍንጫ ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

በቡድኑ አኙዋ ነበር፣ ኑዌር ነበር፣ እንደ ሰዒድ ያለ ከደጋ የመጣ ነጋዴም ነበር። ከሁሉም የሚፈጥነው ቾል ነው። ኑዌር ነው፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ረጅም። ኦጁሉን የሚዳፈር እሱ ብቻ ነበር።

"ኮች፣ ሻንጣ ተሸክመህ ተሸክመህ አርጅተሃል" ይለዋል።

"ሻንጣ አይናገርም። ለዚህ ነው ካንተ የምወደው።"

ኦጁሉ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ኦሞድ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ኦሞድ አይጫወትም፤ ዓሣ ጠብሶ ያመጣና ከጨዋታ በኋላ ያበላን ነበር።

አንድ ዓመት መንገዱ ክፉ ሆነ። ከአኙዋና ከኑዌር ዛሬ የአንዱ ወገን ሰው ይገደላል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የሌላው። የእግር ኳስ ቡድኖች በየወገናቸው ተለያዩ። የእኛ አልተለያየም። የቾል ዘመዶች "ከእነሱ ጋር ምን ትሠራለህ?" ይሉታል፤ የኦጁሉም ዘመዶች ለእሱ ያንኑ ይሉታል። አንድ ሰው ከአንዱ ወገን ሌላውን በክፋት ቢመታ ቡድኑ ያበቃለታል፤ ምናልባትም በቡድኑ ብቻ አይቆምም። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የዚያ በጋ የመጨረሻ ጨዋታ ከፑኝዶ ቡድን ጋር ነበር፤ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በዚያ ቀን ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ገደማ የጭነት መኪና ሬሳ አመጣ። ፊቱን አጠብኩት። ኦሞድ ነው። ጥይቱ በአንገቱ ገብቷል። ማን እንደተኮሰ ያን ቀንም ዛሬም የሚያውቅ የለም። ሕዝቡ ግን ሳይመሽ ተጠያቂውን አግኝቶ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎረቤት ይሰማል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ብቻውን ለቆመ ሰው፣ ጎዳና ላይ፣ አይነገርም። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሌላ መንገድ አላውቅም። ጥበቃውን "እስከ ነገ ጠዋት ለማንም አትናገር" አልኩት። ጨዋታውን ይጨርስ፣ ሌሊቱን ይተኛ፣ ሲነጋ ሰው ይዤ እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ሬሳውን ያመጡት ሰዎች ቁርስ ቤት ተቀምጠው እንደሚያወሩ አላሰብኩም።

ሜዳ ስደርስ ኦጁሉ ጥፍር እየቆረጠ ነበር። አየኝና ምላጩን አቆመ።

"ፊትሽ ምን ሆኗል?"

"ሙቀቱ ነው" አልኩት።

ጨዋታው ከመጀመሪያው ክፉ ነበር። ገና አጋማሹ ሳይደርስ ሁለት አፍንጫና አንድ ጣት አይቻለሁ። ኦጁሉ በመስመሩ እየተራመደ ይጮህ ነበር። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው፣ ከእሱ ወገን፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረው። ኦጁሉ ቆመ። "ምን አልክ?" አለው በአማርኛ፤ ለምን በአማርኛ እንደሆነ አላውቅም። ሰውየውም በአማርኛ ደገመው።

"ወንድምህ ሬሳ ቤት ተኝቶ አንተ ከገዳዮቹ ጋር ትጫወታለህ።"

ኦጁሉ ዞሮ ያየው ሰውየውን አይደለም፤ እኔን ነው።  ፊቴን አይቶ እውነት መሆኑን ተረዳ።

ቾል ጨዋታውን ትቶ ወደ እሱ ሮጠ። "ኮች፣ ምን ሆንክ?" ብሎ ክንዱን ያዘው። ኦጁሉ የሜዳውን ጥግ ለማመልከት አሸዋ ውስጥ ተተክሎ የነበረውን ፌሮ ነቀለና ፊቱን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ቾል ተቀምጦ ከዚያ ተኛ።

ሕዝቡ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ድንጋይ የሌለበት አሸዋ ላይ ድንጋዩን ከየት እንዳመጡት ዛሬም አይገባኝም። አንዲት ሴት ከአጠገቤ ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች። አንድ ሽማግሌ ራሱን ይዞ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ሰዒድ "ስክረም" ብሎ ጮኸ። የእኛም የፑኝዶም ተጫዋቾች መጡና ክንድ ለክንድ፣ አንገት ላንገት ተቆላልፈው ኦጁሉንና ቾልን ከበቡ። ድንጋዩ ጀርባቸው ላይ ያርፍ ነበር። አንዱም አልተፈታም። በኋላ የሰዒድን ጀርባ ሳየው የለበሰው ሸሚዝ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

በክቡ ውስጥ ኦጁሉ ፌሮውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ከአንዱ በኩል ወገኖቹ "ና፣ ውጣ፣ እንሂድ" ይሉታል። ቢወጣ ያሳልፉታል፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ቢወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። ፌሮውን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ቾልን አነሳው። ክቡ ሳይፈታ፣ እንደተቆላለፉ፣ እስከ መኪናው ድረስ ይዘዋቸው ተራመዱ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አይቶ የቾል ቀኝ ዓይን እንደማይተርፍ ነገረን። ሐኪሙ የራሱን ከጨረሰ በኋላ ቅንድቡንና ጉንጩን መስፋት የእኔ ሥራ ሆነ። ኦጁሉ ከራስጌው ቆሞ ያዘው። ፊቱ የሰው አይመስልም ነበር።

"ኮች፣ አንተ ነህ?" አለ ቾል።

"እኔ ነኝ።"

"አጥብቀህ ያዝ።"

 እኔ አሥራ አራት ጊዜ ወጋሁ። ኦጁሉ በዚያ ቀን አልቆጠረም።

ስጨርስ የቾል አጎት ከዘመዶቹ ጋር በሩ ላይ ደርሷል። ዱላና ጦር ይዘዋል። በሩ ላይ የነበሩት ፖሊሶች ሁለት ብቻ ናቸው። ኦጁሉን በኩሽናው በኩል በር እንዳለ ነገርኩት። "ወንድምህን መቅበር አለብህ" አልኩት። እስከዚያ ድረስ ስለ ኦሞድ ያልኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

"አልሄድም" አለና በፊት ለፊት ወጣ።

አጎትየው ምንም አልጠየቀም። በዱላው ራሱን መታው። ኦጁሉ እጁን አላነሳም፤ ደረጃው ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ቾል ግድግዳውን እየዳሰሰ ከኋላዬ ወጣ። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። እሱና አጎቱ በቋንቋቸው ነው የተናገሩት፤ ሠላሳ ዓመት ስሰማው ስለኖርኩ ይገባኛል።

"ማን መታው?"

"እኔ ነኝ፣ የወንድሜ ልጅ። ግባ፣ ተኛ።"

"እንግዲያው ተሸከመው።"

"እኔ የእናንተ ጨዋታ ውስጥ የለሁበትም።"

"መታኸው። ገብተሃል። ተሸክመህ አስገባው፣ አለዚያ እኔ እሸከመዋለሁ፤ ስፌቴ ከተበጠሰ ላንተ ነው።"

አጎትየው ዱላውን ለጎረምሶቹ ሰጠና ኦጁሉን አነሳው። አልጋው ላይ አስተኝቶ ራሱን ያዘ። ሲይዘው የት እንደሚይዝ አላወቀም፤ ጣቶቹን ይዤ አሳየሁት። መስፋት ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ኦጁሉ ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

"ኦሞድን መቼ አየሽው?"

"ጠዋት። አንድ ሰዓት።"

"ከጨዋታው በፊት።"

"አዎ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"በእኛ ዘንድ ንጋት ይጠበቃል።"

"በእኛ ቤት ለሞተ ሰው ንጋት አይጠበቅም። ወዲያው ይለቀሳል።" ዓይኑን ገለጠና "ብትነግሪኝ አለቅስ ነበር። ስለዚህ ልጁን አንቺም መትተሽዋል" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲያው አንቺም ትይዢያለሽ።"

"እኔ ከያዝኩ ማን ይሰፋል?"

 አጎትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። "ሁለታችሁም ዝም በሉ፤ ራሱ እየተንቀሳቀሰብኝ ነው" አለ በተሰባበረ አማርኛ።  ክሩን ስቆርጥ ኦጁሉ "አንድ ቀን ትይዢያለሽ" አለኝ፤ ተነሥቶ ወንድሙን ሊቀብር ሄደ።

ከቀብሩ መልስ ለፖሊስ እጁን ሰጠና ታሰረ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ብዙ ተቀመጡ። ነገሩ በቾል ዓይን እንዲቆም ያደረገው ግን የእነሱ ጉባኤ ብቻ አልነበረም። አጎትየው በየተቀመጡበት እየሄደ "ራሱን ይዣለሁ" ይል ነበር። ሌላ ክርክር ሲያቀርብ አልተሰማም። በዚያ ወር በከተማው ለቾል ዓይን ተብሎ የተገደለ ሰው የለም።

ኦጁሉ ሲፈታ ቾልን ወደ ሜዳ ተመልሶ አገኘው። እኔ ተቃወምኩ፤ የቀረችው አንድ ዓይን ናት ብዬ ተቆጣሁ። ኦጁሉ አልተከራከረም። አሠልጣኝነቱን ለሰዒድ ተወለትና ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰውዬ ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገባ። ቦታው አንድ ብቻ ነበር፤ ከቾል በስተቀኝ። ቾል ወደማያይበት በኩል። ከዚያ በኩል የሚመጣውን ጉልበት፣ ክርንና ራስ ሁሉ እሱ ይቀበል ነበር። ሰዎች "ሽማግሌው አበደ" ይሉ ነበር። ከሠላሳው ስፌት አብዛኛው የእነዚያ ዓመታት ነው። ልጁ በቀኙ በኩል አንድ ጊዜ እንኳ አልተመታም።

ስለዚያ ጠዋት ዳግመኛ አላነሳብኝም፤ እኔም አላነሳሁም። በቡድናችን ግን ከዚያ ወዲህ መርዶ አድሮ አያውቅም። ይቅርታ አላልኩትም። ስሰፋው ግን ቀጭን ክር እመርጥ ነበር፤ ጠባሳው እንዳይጎላ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዓይኔ ደከመና ሳጥኑን ትዕግሥት ለምትባል ወጣት ነርስ አስረከብኩ። በርጩማዬ ላይ ግን እቀመጣለሁ። ባለፈው በጋ፣ ከማታር ከመጣ ቡድን ጋር በነበረ ጨዋታ ላይ፣ አንድ ግዙፍ ልጅ በጉልበቱ የኦጁሉን ግንባር ከፈተው። ልጁ ሕጉን ያውቃል፤ ተሸክሞ አመጣውና ሊይዘው ተንበረከከ። ኦጁሉ በክንዱ ገፋው።

"ያንተ ይቆይ። የሲስተር ይቀድማል" አለው።

ከበርጩማዬ ተነሥቼ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ራሱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከባድ ነበር፤ ይሞቅ ነበር። ጣቴ ሥር የራሴን የድሮ ስፌቶች አገኘኋቸው። ትዕግሥት መርፌውን አስገባች፤ አልጮኸም። ዓይኑን ከፍቶ ከታች ያየኝ ነበር። ያን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ መሆን ጀምሮ እንደነበር አሁን ሳስበው ይታየኛል።

"ስፌቷ ትልልቅ ነው" አልኩት።

"ዝም ብለሽ ያዢ" አለኝ።